ካሜራችንን ጤፍ ውስጥ የቀበርን ጊዜ፦ ከድሬዳዋ የካ አባዶ ደርሶ መልስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ከሰዓት በኋላ አብረን የምንቀመጥ ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች አልነበረም። ስለ ብርዱ ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከአዋሽ ወዲያ ተሻግረው አያውቁም፤ የመሻገር አሳብም የላቸውም። በአፍ ልነግራቸው ስጀምር በየተራ እያቋረጡ አስቸገሩኝ። ስለዚህ ማንም በማያቋርጠኝ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ልጀምርላቸው።

ስለ ልጄ ጥቂት ልበል። ብሌን በአካውንቲንግ ተመርቃ ስታበቃ ካሜራ ይዛ ዞር ዞር ማለት ጀመረች። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ “ለጊዜው ፎቶ ታነሣለች” እላለሁ። “ለጊዜው” የምትለው ቃል የእኔ ናት፤ ብሌን ብላው አታውቅም። ግርማ የሚባል የድሮ ባልደረባዬ፣ እሱ በሚመራው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ተከፍቶ ለእሷ ይዞልኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ብሌን ከአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሥራዋን አገኘች። በጥር የሚጋቡ ሁለት ወጣቶች ፎቶዎቿን በስልክ አይተው፣ ከሰርጋችን በፊት ሜዳ ላይ በማለዳ ብርሃን አንሺን ብለው ጠሯት። እኔና እሷ ተከራከርን፣ ተኳረፍን፣ በመጨረሻም ተስማማን፤ ፎቶው ሠምሮ ሰርጉንም ከሰጧት ሁለተኛ ቢሮ የሚባል ነገር አላነሣባትም፤ ካልሆነ ግን ግርማ ዘንድ ትገባለች። ብቻዋን አትሄድም ብዬ አብሬያት ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይሳካ ሲቀር አጠገቧ ልሁን ብዬም ነበር።

አርብ

አውቶቡሳችን ከድሬዳዋ የወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ታኅሣሥ በእኛ ከተማ ቬንቲላተር የሚያርፍበት ወር ነው፤ ሰው ማታ ነጠላ ደረብ አድርጎ “ዛሬስ ቀዝቀዝ ብሏል” ይባባላል። ለጉዞው አንድ ሹራብ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ በዚያ ላይ የሟች ወንድሟን ካፖርት ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ አሸከመችኝ። ቁልቢ ስንደርስ አንዱን ሹራብ አውጥቼ ለበስኩ፣ ሂርና ላይ ሁለተኛውን። አዋሽ ስንወርድ ሁለቱንም አወለቅሁና ሰው ሆንኩ። የነቢያት ጾም ስለነበር ምሳችን ሽሮ ነው፤ ሽሮው ግን የእኛ ሰፈር ሽሮ የሚያህል አልነበረም፣ ቃሪያም አልነበረውም። ብሌን ካሜራዋን ጭኗ ላይ አቅፋ በላች። አጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ ቦርሳውን መሬት እንድታስቀምጠው ሲመክሯት ፈገግ አለችና እቅፏን አጠበቀች።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ከድር ጠበቀን። ከድር የስልጤ ልጅ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሱቅ በነበረው ጊዜ ጎረቤቴ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል። ካፖርቱን ለብሼ ሲያየኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውየው እንደ እኔ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው የኖረ የድሬ ሰው መሆኑን ረስቶ፣ አሁን በሸሚዝ ነው የሚሄደው።

ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ለመሳፈር ሰልፍ ያዝን። እኛ አገር ባጃጅ ካልመጣልህ ትጮኻለህ፣ ይመጣል። እዚያ ግን ሰዉ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሞ፣ ስልኩን እያየ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን መንገድ እንደጀመርን ለትንሽ አየር ብዬ መስኮቱን ከፈትኩት። ከኋላ ሁለት ሰዎች እኩል ብርድ ልታስመታን ነው ወይ አሉኝ፤ ዘጋሁት። ድሬ ላይ መስኮት የሚዘጋ ሰው ከታክሲ ይወርዳል።

የከድር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ሙኒራ በሩ ላይ ተቀበለችን። ጿሚ መሆናችንን ከድር ነግሯት ኖሮ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ በዘይት ብቻ ሠርታ ቆየችን፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከዚያ ደግሞ በአትክልት የተሠራ ትሪ ሙሉ ሩዝ። ሩዙ በጣም ጣፍጦን ሦስት ጊዜ ጨለፍን። ቤት ውስጥ ያለውን ሩዝ በሙሉ ለእኛ እንዳወጣችው የሰማሁት በማግሥቱ ነው። የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ ስለሆነ በካልሲ ብረግጠውም ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። ከነሹራቤ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሙሽራዪቱ ትዕግስት ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች። ቬሎዋን የሰፋችው ራሷ ናት፤ የሥራ ጓደኞቿ በእረፍት ቀናቸው እየመጡ ዳንቴሉን አግዘዋታል። እጮኛዋ ዳዊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ዝምተኛ። ከሰኞ ጀምሮ እሷ ፈረቃ ስለምትገባ ያሉን ሁለት ማለዳዎች ብቻ ነበሩ፤ ፎቶው ደግሞ የሰርግ መጥሪያው ላይ ይታተማል።

የመረጡት ቦታ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ያለበት ዳገት ነው። ስንደርስ ሜዳው ነጭ ነበር። ጨው የተነሰነሰበት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ብነካው ጣቴን ቆነጠጠኝ። ብሌን አመዳይ ነው አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቃሉን ስሰማው ኖሬ ነገሩን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የእኔ ሥራ ብርማ ጨርቅ የተወጠረበት ትልቅ ክብ ነገር ይዤ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ሙሽሮቹ ፊት መመለስ ነበር። ፀሐይዋ ግን ለመመለስ የሚበቃ ነገር አልላከችም። ትዕግስት ካፖርቷን አውልቃ እጅጌ በሌለው ቬሎ ስትቆም ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር በሙሉ ቆመ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ፈገግ በይ ስትባል ጥርሷ ይንገጫገጫል። ዳዊት ደግሞ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ ቀረ። በዚያ ላይ የካሜራው ባትሪ፣ ድሬ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው፣ ብርዱ ሲነካው ወዲያው ሞተ። ሁለተኛውም ያረጀ ስለነበር ብዙም አልቆየም። ብሌን ያነሣቻቸውን በካሜራው መስታወት ላይ አይታ አንድም የሚሆን አላገኘችባቸውም። ነገ እንሞክራለን ተባብለን ተለያየን።

በመንገድ ላይ በሆዴ የግርማን ቢሮ አየሁት፤ ደግሞም ደስ አላለኝም። ትክክለኛ እሆናለሁ ብሎ የተመኘ ሰው ትክክለኛ መሆን ሲጀምር እንዲህ ይጨንቀዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቤት ስንገባ ሙኒራ እንዲሞቀን ብላ ሳሎኑን ዘግታ ድስት ጥዳለች። ካሜራው ከዚያ ሁሉ ብርድ ወደዚያ እንፋሎት ሲገባ ሌንሱ እንደ ሻወር ቤት መስታወት ደመነ፣ ውስጡም ሳይቀር። ብሌን ምንም አትንኩት፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ከከድር ጋር አዲስ ባትሪ ፍለጋ ወደ ቦሌ ሄደች። እንግዲህ “አትንኩት” ያለችው ለእኔ መሆኑን ልብ በሉ።

እኔና ሙኒራ ካሜራውን ከበን ተቀመጥን። ጤዛው አልሄድ አለ። ሙኒራ የጎረቤቷ ስልክ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እንደዳነ ነገረችኝ። ሩዝ ግን አልቋል፤ በልተነዋል። ያልተፈጨ ማኛ ጤፍ በባልዲ አላት። ከዚያ እጇን አጣጥፋ፦

“ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ጤፍ ይሆን ይመስልዎታል?” አለችኝ።

ድሬ ላይ የአምስት ዓመት ልጅም አንተ ነው የሚለኝ፤ ቅርም አይለኝም። ግን እርስዎ ተብሎ ምክር የተጠየቀ ሰው አላውቅም ማለት ይከብደዋል። እንዲያውም ጤፍ ከሩዝ የደቀቀ ስለሆነ ጠጋ ብሎ የበለጠ ይመጥጣል ብዬ አብራራሁላት። አየር ይግባበት ብዬም የባትሪውን ክዳን፣ የካርዱን ክዳን፣ የሚከፈተውን ሁሉ ከፈትኩ። በስመ አብ ብዬ፣ እሷም ቢስሚላህ ብላ፣ እስከ አንገቱ ቀበርነው። ከዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ ሸለብ አደረገኝ።

ብሌን ተመልሳ ካሜራው የት ነው ስትል ነቃሁ። ከባልዲው ስናወጣው ጤፍ ከየጎኑ እንደ ውኃ ፈሰሰ። በባትሪው ቤት ጤፍ፣ በካርዱ ቤት ጤፍ፣ በየቁልፉ ሥር ጤፍ። የሌንሱን ቀለበት ስታዞረው ወፍጮ ቤት ያለን መሰለ። ብሌን አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረችና ቀስ ብላ፦

“አባዬ፣ ሆን ብለህ ነው?” አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ብርድ ያን ያህል የቀዘቀዘኝ የለም። አይደለም አልኳት፤ ድምፄ ግን ለራሴም የውሸታም ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ሙኒራ መካከል ገብታ ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ እያለች ዓይኗ እንባ ሞላ። ብሌን እሷን አቅፋ አጽናናች። እኔን አላየችኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ጓደኞቼ አላምን ብለውኛል። ሙኒራ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና የፎቁን በሮች በሙሉ አንኳኳች። እኛ አገር ሰው በሩ ላይ ስለሚቀመጥ ማንኳኳት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ሰው በሩን ዘግቶ ይኖራል፣ ጎረቤቱንም አያውቅም ሲባል ሰምቼ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሳሎኑ ሞላ። አንዷ አዲስ የጥርስ ብሩሽ አመጣች፣ ሌላው ስቲኪኒ፣ ሌላው የዓይን ቅንድብ መልቀሚያ። አንድ ጎልማሳ የብስክሌት መንፊያ ይዞ መጥቶ ብሌን በልመና መለሰችው። ከሁሉም የጠቀመን ግን አራስ ጎረቤታቸው የላከችው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ነው፤ ያቺ የጎማ ኳስ። ብሌን ስትጨብጣት እፍ እፍ እያለች ጤፉን ከየጉድጓዱ ታስወጣለች። ከድር የእጅ ባትሪ ይዞ እያበራላት፣ ሲጨንቀው መቀለድ የሚወድ ሰው ነውና፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የወደቀውን ፍሬ በትሪ እሰበስብ ነበር። ሌላ የተሰጠኝ ሥራ የለም።

ራት ሳይቀርብ ካሜራው በራ። ቤቱ በሙሉ “ተመስገን”ና “አልሐምዱሊላህ” በአንድ ላይ አለ። ጤዛውም ደርቆ ነበር፤ ጤፉ ነው ወይስ ራሱ ነው የሚለውን ክርክር ግን አላነሣሁም። የሌንሱ ቀለበት ብቻ መካከል ላይ ተቸነከረ። ማቅረብም ማራቅም የለም። ብሌን ሌላ ሌንስ ይዛ አልመጣችም።

እሑድ

ልጄ ስትቀሰቅሰኝ ሁለት ባትሪ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ብብቴ ሥር እንድይዛቸው ነገረችኝ፤ የሰው ገላ ሙቀት ከብርዱ ያድናቸዋል። ከማታው ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። በሁለት ሹራብና በካፖርት ሥር፣ በቀኝ አንድ በግራ አንድ ባትሪ አቅፌ፣ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ዳገቱን ወጣሁ። ያየኝ ሰው የታመመ ሰው ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ለሥራዋ የሚጠቅም ነገር ስለ ሰጠችኝ ልቤ ቀለል አለ።

ሙኒራም አልቀር አለች። ትልቅ ፔርሙስ የዝንጅብል ሻይና የአልጋዋን ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች። አመዳዩ ከቅዳሜው ይብስ ነበር። ትዕግስት ቬሎዋን አንሥታ ስትመጣ ከሥሩ የፋብሪካ ስኒከሯን እንዳደረገች አየሁ፤ ጣቶቼ ሊወልቁ ነው ብላ ሳቀች። ልትቀይር ስትል ብሌን ተዪው አለቻት። ቀጥላም ዛሬ አትቁሙልኝ፣ አትሣቁልኝም አለቻቸው። ዳገቱን እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲሮጡ፣ እስኪሞቃቸው ድረስ ብቻ እንዲሮጡ ነገረቻቸው።

ሮጡ። መጀመሪያ እንደ ዶሮ፣ ኋላ እንደ ልጅ። ትዕግስት ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ዳዊትን ትጎትተዋለች። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ፣ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይወጣ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ብቅ ብላ ያንን ትንፋሽ ከኋላ አበራችው። የሁለቱ ትንፋሽ አየር ላይ ሲቀላቀል በዓይኔ አየሁ። በእኛ አገር ትንፋሽ አይታይም፤ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ማን ያውቃል።

ሌንሱ ስለማይቀርብ ብሌን ራሷ መቅረብ ነበረባት። ከፊታቸው ወደ ኋላ እየሮጠች፣ በጉልበቷ እየወደቀች፣ አመዳዩ ላይ በደረቷ እየተኛች ታነሣለች። ሱሪዋ ረጠበ፣ ጸጉሯ ተፈታ። ባትሪ ስትለኝ ከብብቴ አውጥቼ እሰጣታለሁ፤ የቀዘቀዘውን እቀበላታለሁ። አንዴ ስትቀበለኝ ሞቃቱን ባትሪ ጉንጯ ላይ አስነክታ ሳቀችልኝ። ልጄን ቤት ውስጥ ምግብ ስትሠራ፣ ስታጠና፣ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ስትሠራ ግን አይቼያት አላውቅም ነበር። ኮራሁ። ደግሞም ፈራሁ፤ ይህን ሁሉ ተሯሩጣ ምንም ባይገኝስ አልኩ።

ሙኒራ ሙሽራዪቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ ሻይ ስታጠጣት ብሌን ካሜራውን አዙራ አሳየቻቸው። ትዕግስት አየች፣ መልሳ አየች፣ ለዳዊት አቀበለችው። ዝምተኛው ዳዊት ሥዕሉን አይቶ እጮኛውን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ብርዱ ነው አለ። ትዕግስት ግን አላፈረችም፦

“እኔ ነኝ እኮ። ሌላ ሰው አይደለሁም፤ ራሴ ነኝ” አለች። ቀጥላም “ሰርጉንም አንቺ ነሽ የምታነሺው። ሌላ ሰው አንፈልግም።”

የያዝኩትን ብርማ ክብ መሬት ጥዬ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ከቅዳሜ ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ኖሬያለሁ። ሙኒራ ብርድ አገኘዎት እንዴ ብላ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ሙሉውን ብርጭቆ እየተቃጠልኩ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

ወደ ቤት ስንወርድ ብሌን ክንዴን ያዘች። ስለ ጤፉ ሆን ብዬ እንዳልነበረ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ሙኒራ ነግራኛለች፤ ሆን ብለህ ቢሆን ኖሮ አየር ይግባበት ብለህ ክዳኖቹን ከፍተህ አትለፋም ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እየሳቅን ነበር የሄድነው።

ሰኞ

ሙኒራ ለመንገድ ዳቦ ጋገረችልን። ያንኑ ባልዲ ጤፍም ለባለቤትዎ ካልወሰዱ ብላ ብዙ ታገለችኝ፤ በከድር አማላጅነት በግማሽ ፌስታል ታረቅን። እሷን መሰነባበት ከባድ ሆነብኝ። ሰው ካሜራ ጤፍ ውስጥ ቢቀብርብኝ እንዲህ እወደዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ልብስ እየቀነስኩ ሄድኩ፤ ኮፍያው፣ ካፖርቱ፣ አንዱ ሹራብ። መተሐራ አካባቢ መስኮቱን ከፈትኩት፣ ማንም አልተቆጣኝም። ሙቁ አየር ፊቴን ሲመታኝ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ብሌን ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኝታ ነበር።

አዋሽን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው። ከቢሮው መደወሉ ነበር፤ ቦታውን ከዚህ በላይ ይዤ ልቆይ አልችልም፣ ልጅቷ መቼ ትጀምር አለኝ። ቃል የገባሁለት እኔ ነኝ፤ ሳላማክራት በስሟ የለመንኩትም እኔ ነኝ። ላደረገልኝ ሁሉ አመሰገንኩት። ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገርኩት። ደንግጦ ለምን ሲለኝ፦

“ልጄ ሥራ አላት” አልኩት።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ኪሴ ስከት ብሌን ዓይኗን ሳትከፍት፣ ራሷንም ከትከሻዬ ሳታነሣ፦

“ድገመው እስቲ፣ አባዬ” አለችኝ።

ደገምኩላት።